በርኖስና መጻሕፍት

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮም ታስሮ፣ የሞቱ ቀን መቅረቡን አውቆ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ልመና አለች። በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጊዜ ብዙዎቻችን ሳናያት እናልፋታለን። ጢሞቴዎስ ሲመጣ በጢሮአዳ የቀረውን በርኖስና መጻሕፍቱን፣ ከሁሉም በላይ ብራናዎቹን ይዞለት እንዲመጣ ይለምነዋል።

የደብረ ማርቆስ ሰው በርኖሱ ለምን እንደተፈለገ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሐምሌ ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። የሚያስገርመው ሁለተኛው ልመና ነው። ሩጫውን የጨረሰ፣ ጌታን ፊት ለፊት ሊያይ የቀረበ ሰው መጻሕፍት ምን ያደርጉለታል? ጳውሎስ ግን እስከ መጨረሻው አንባቢ ነበረ።

እኔ ጌታን ያመንሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚያው ሰሞን ከቤታችን መደርደሪያ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ልብ ወለድ የሥጋ ነገር ነው ተብሎ ተነግሮኝ ነበር፤ እኔም ቅንዓቴን ላሳይ ፈለግሁ። መጽሐፉ የአባቴ ነበር። አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ ማታ ማታ ለጎረቤት ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው። አመዱን አየ፤ አልተቆጣም። «ልጄ፣ ለመሆኑ አንብበኸው ነው ያቃጠልኸው?» ብቻ አለኝ።

አላነበብሁትም ነበር።

ውድ ወጣቶች፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ያ ጥያቄ ዛሬም ስለማይለቀኝ ነው። በየኅብረቶቻችን «መጽሐፍ ቅዱስ ካለን ሌላው ሁሉ ምን ይሠራልናል?» የሚል አሳብ አሁንም አለ። ከደጅ ደግሞ «እናንተ መጤዎች ናችሁ፤ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የላችሁም» የሚል ቃል እንሰማለን። ሁለተኛው ያመናል። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ የተወለድንበትን አገር ታሪክ ሳናነብ፣ ጎረቤቶቻችን የሚወዷቸውን መጻሕፍት ሳንገልጥ ስንኖር መጤ የሚያደርገን ማን ነው? ሌላው ሰው ከቤት ሳያስወጣን እኛው በገዛ እጃችን ደጅ ላይ መቀመጣችን አይደለምን?

ስለዚህ በዚህ እትም ጥቂት የታሪክና የፍልስፍና መጻሕፍትን ላስተዋውቃችሁ እወዳለሁ። አብዛኞቹ ከጎጃም ምድር ጋር የሚገናኙ ናቸው። የምጀምረው ግን ሁላችሁም ቤት ካለው መጽሐፍ ነው።

በእጃችሁ ያለው መጽሐፍ ከማን መጣ?

ከ200 ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ግእዙ ነው፤ በአማርኛ የነበረው ከፊል ትርጉም ብቻ ነበር። መላውን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቅ ሊቅ ነው። አቡ ሩሚ የጎጃም ተወላጅ ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ1750 ገደማ የተወለደው ይህ ሰው ከአገሩ ወጥቶ ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ህንድን ዞረ። በህንድ ሳለ ሰር ዊልያም ጆንስ ከተባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ ጋር ተዋውቋል። በኋላ ካይሮ ላይ በጠና ታሞ ሳለ አሰለን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስል አስጠግቶ አስታመመው። ሁለቱ ሰዎች የመጽሐፍ ቅዱሱን ትርጉም የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ዘግተው ይቀመጡ ነበር። ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ። ሲያልቅ 9,539 ገጽ የእጅ ጽሕፈት ሆነ።

አቡ ሩሚ የሥራውን መታተም አላየም። እ.ኤ.አ. በ1819 ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ዊልያም ጆዌት የተባለ የእንግሊዝ ሚስዮናዊ ጽሑፉን ለብሪታንያና ለውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተሙ። ዛሬ የምናነበው ትርጉም ቃል በቃል የእርሱ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፣ እንደገናም ተተርጉሟል። የመጀመሪያውን መንገድ የጠረገው ግን እርሱ ነው።

ይህን ታሪክ ስትሰሙ «እንግዲህ እኛም ሥር አለን» ብላችሁ ደረት ለመንፋት አትቸኩሉ። አቡ ሩሚ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበረም፤ በዘመኑ እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን በአገራችን አልነበረም። በአባቶቹ ትምህርት ያደገ የዚህ አገር ሰው ነው። እናንተም ጎረቤቶቻችሁም ከእርሱ ድካም ተካፍላችኋል። ታሪክ ማንበብ የሚሰጠን የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፦ የእኛ ብቻ የመሰለን ነገር የጋራ ሆኖ ይገኛል።

ልብ ወለድ የሚለው ቃል

ልብ ወለድ እንደ ርኩስ ነገር ሲነገርላችሁ ከሰማችሁ፣ ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ታተመ። ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የድርሰቱ ዓይነት ሁሉ በዚህ ርእስ ተጠራ። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጣና ዳሩ ዘጌ ልጅ ናቸው። መጽሐፉ ስለ ጦርነት፣ ስለ ምርኮ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ስለወጣች ልጃገረድና እምነት ስለሚለያቸው ሰዎች የሚናገር አጭር ታሪክ ነው። በአንድ ቅዳሜ ያልቃል።

ስለ ደራሲው ግን አንድ ነገር ልደብቃችሁ አይገባም። አፈወርቅ በፋሽስት ወረራ ጊዜ ከኢጣልያ ጎን ቆመዋል። ብዕሩ የሠላ ሰው ሕይወቱ ሊጎብጥ ይችላል። ይህን ስታውቁ መጽሐፉን መጣል የለባችሁም፤ ደራሲውን ማምለክም የለባችሁም። የዳዊትን መዝሙር ስንዘምር የኦርዮንን ነገር እንደማንረሳ ሁሉ፣ አንባቢ ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይማራል።

ከማንኩሳ እስከ ዲማ

አሁን ወደ አቃጠልሁት መጽሐፍ እንምጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለው ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ። የካህን ልጅ ናቸው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ። ከዚያ አዲስ አበባ ገብተው በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በተፈሪ መኮንን ተማሩ። በአንድ ሰው ሕይወት የዲማ ቅኔ ቤትና የሚስዮን ትምህርት ቤት ተገናኝተዋል። በጣልያን ወረራ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፤ ለዓመታት ኢጣልያ ውስጥ በግዞት ቆዩ። ከድል በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አገለገሉ፣ የትምህርት ሚኒስትርም ሆኑ።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። እናትና አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሕይወቱ ሠግተው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይሳሉታል። አድጎ ቅኔ ሊማር ወደ ዲማ ይሄዳል። እዚያ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል፤ ይዋደዳሉ። ድሃና ባላባት ተለያይቶ በሚኖርበት ዓለም ይህ ፍቅር ወዴት እንደሚያደርስ ርእሱ ይናገራል።

ነገር ግን መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጋችሁ አታንብቡት። ሦስት ትልልቅ የፍልስፍና ጥያቄዎች አሉበት።

የመጀመሪያው የስለት ነገር ነው። ወላጆች ለእግዚአብሔር የገቡት ቃል ያልተወለደን ወይም ያላደገን ልጅ ያስረዋልን? ሐና ሳሙኤልን ሰጠች፤ ዮፍታሔም ስለት ተሳለ። ሁለቱ ታሪኮች አንድ ናቸውን? በዛብህ በዚህ ጥያቄ መካከል ተወልዶ በዚህ ጥያቄ መካከል ይኖራል። ወላጆቻችሁ ስለ ሕይወታችሁ የወሰኑት ነገር የከበዳችሁ ሁሉ በዛብህን ትረዱታላችሁ።

ሁለተኛው የጉዱ ካሣ ነገር ነው። እውነተኛ ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው። ሰው ሁሉ የለመደውን የሹምና የድሃ ሥርዓት ሲጠይቅ «ጉዱ» የሚል ስም ያወጡለታል፤ እንደ እብድ ይቆጥሩታል። ጉዱ ካሣ ማኅበረሰቡን የሚያየው ዘመን እንዳለፈበት ቤት ነው፤ በጊዜው ካልታደሰ ነዋሪዎቹ ላይ ይወድቃል። እውነት የሚናገር ሰው እብድ ሲባል ምን ይሰማዋል? ነቢዩ ኤርምያስን አስቡ። ደግሞም በተቃራኒው ጠይቁ፦ ጉዱ ካሣ ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን ማንንም ማሳመን አቃተው? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለመስካሪዎች ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛው የገበሬዎቹ ነገር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ ጨምረው ሲጠይቋቸው ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እንቢ ይላሉ። ለሹም መታዘዝ እስከ የት ነው? ሮሜ ምዕራፍ 13ን የምታውቁ ወጣቶች ይህን ክፍል አንብባችሁ ተከራከሩበት።

ልብ ወለዱ ካለቀ በኋላ የተነሡት ገበሬዎች

ልብ ወለድና ታሪክ ጎን ለጎን ሲነበቡ ምን ያህል እንደሚረዳዱ የሚያሳየው ይህ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ እውነተኞቹ የጎጃም ገበሬዎች ተነሡ። ምክንያቱ መንግሥት ያወጣው አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ነበር። በጎጃም መሬት ርስት ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የሚወረስ። ገበሬው የፈራው የሚከፍለውን ብር ብቻ አልነበረም። ማሳው ከተለካ በኋላ ርስቱን እነጠቃለሁ፣ ጭሰኛ እሆናለሁ ብሎ ሠጋ። በሹማምንቱ ጉቦና ግፍም ተማርሮ ነበር። በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት በኩል ገበሬው ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን እስከ ማዝመት ደረሰ፤ በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ አንሥቶ ከግብሩም አፈገፈገ።

ይህን ታሪክ በጥልቀት ያጠኑት ገብሩ ታረቀ ናቸው። በእንግሊዝኛ በጻፉት መጽሐፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በትግራይ፣ በባሌና በጎጃም የተነሡትን የገበሬ አመፆች ያነጻጽራሉ። እንግሊዝኛችሁ የሚፈቅድላችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጎጃሙን ምዕራፍ አንብቡና ለኅብረቱ በአማርኛ ተርኩለት። ያን ጊዜ የነበሩ አያቶች በየመንደሩ አሉ፤ ከማንበባችሁ በፊትም በኋላም ጠይቋቸው።

እስቲ ሁለቱን አስተያዩ። ገብሩ ታረቀ ግብሩ ስንት እንደሆነ፣ የት ወረዳ መቼ እንደተነሣ፣ ለምን እንደተነሣ ያስረዱናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ አንድ ገበሬ በአጥሩ በር ላይ የሹም መልእክተኛ ሲቆም ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚላወስ ያሳዩናል። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ደረቅ ይሆናል። ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ሊያሳስተን ይችላል፤ ደራሲ የፈጠረውን ሁሉ የሆነ ነገር አድርገን እንወስዳለንና። ጌታችን ራሱ ሁለቱንም ተጠቅሟል። በሰሊሆም ግንብ ስለሞቱት ሰዎች ሲናገር በዘመኑ የሆነውን ጠቀሰ፤ ስለ ጠፋው ልጅ ሲናገር ግን ምሳሌ ተረከ። የጠፋው ልጅ በየትኛው መንደር ይኖር ነበር ብሎ የጠየቀ የለም፤ አባቱን ግን ሁላችን እናውቀዋለን።

የሐዲስን የራሳቸውን የጦርነትና የግዞት ትዝታ ማንበብ ለምትፈልጉ ደግሞ «ትዝታ» የተባለው መጽሐፋቸው አለ። ከእርሱ ጋር የራስ እምሩን «ካየሁት ከማስታውሰው» ብታነቡ አንድን ጦርነት በሁለት ሰዎች ዓይን ታያላችሁ።

የጎጃምን ታሪክ የጻፉት የአባይ ማዶ ልጅ

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደነበር ታውቃላችሁ። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። የዚህን ቤተ መንግሥትና የጎጃምን ታሪክ በሰፊው የጻፉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። ሁለተኛውን ስም አስተውሉ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ከአባይ ማዶ ከኦሮሞ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ወደ ጎጃም የመጡ ናቸው። በንጉሡ ቤት አደጉ፣ ተማሩ፣ ሠዓሊም ጸሐፊም ሆኑ። ምርኮኛው ልጅ የማራኪዎቹ ታሪክ ጠባቂ ሆነ። ዳንኤልና ጓደኞቹ ባቢሎን ተወስደው የከለዳውያንን ትምህርት መማራቸው ትዝ አይላችሁም?

ግርማ ጌታሁን ይህን ታሪክ አርመውና አብራርተው ለኅትመት አብቅተውታል። ዘር እየተቆጠረ ሰው ከሰው በሚለይበት በዚህ ዘመን ከጎጃም ትልልቅ የታሪክ መጻሕፍት አንዱ በአንድ የኦሮሞ ልጅ እጅ መጻፉን ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም እናንተው ፍረዱ።

መጽሐፉን ስታነቡ ግን እንደ ፍርድ ቤት ዳኛ አንብቡ። የእምባቦን ጦርነት እንውሰድ። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ይህን ጦርነት የጎጃም ጸሐፊ አንድ ዓይነት፣ የሸዋ ጸሐፊ ሌላ ዓይነት አድርጎ ያየዋል። ጦርነቱ የተደረገበት መሬት ባለቤት የሆነው የሆሮ ጉዱሩ ኦሮሞ ደግሞ ሦስተኛ ምስክር ነው። ሁሉንም በአንድ ሰፊ ሥዕል ውስጥ ለማየት የባሕሩ ዘውዴን «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» አንብቡ። ከዚህ ዝርዝር አንድ የታሪክ መጽሐፍ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ እርሱን ግዙ።

ፍልስፍና ያስፈራልን?

ፍልስፍና የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ቆላስይስ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ እናስታውሳለን። ማስጠንቀቂያው እውነት ነው። ነገር ግን ያን ማስጠንቀቂያ የጻፈው ያው ጳውሎስ በአቴና ከኤፊቆሮሳውያንና ከኢስጦኢኮች ጋር ተነጋግሯል፤ በአርዮስፋጎስ ቆሞም የራሳቸውን ባለ ቅኔዎች ቃል ጠቅሷል። ያላነበበውን እንዴት ይጠቅሳል? አፍሪካዊው አውግስጢኖስም በ«ኑዛዜ»ው እንደሚተርከው፣ በ19 ዓመቱ ያነበበው የሲሴሮን የፍልስፍና መጽሐፍ ነው ጥበብን የመሻት እሳት በልቡ ያቀጣጠለው። ወደ ክርስቶስ ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት ቀረው፤ ጉዞው የጀመረው ግን ከዚያ ነበር።

በአገራችንም ፍልስፍና አዲስ ነገር አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተባሉ ሰው የጠቢባንን አባባል የያዘውን «መጽሐፈ ፈላስፋ» ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። የሶቅራጥስና የአፍላጦን ስም በእኛ ብራና ላይ ከሰፈረ 500 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ግን «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አቅራቢያ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገሩ በሃይማኖት ሲታመስ ተከሰሰ፤ መዝሙረ ዳዊቱንና ጥቂት ወርቁን ይዞ ሸሸ፤ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በኋላ በእንፍራዝ ኖረ። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለ ጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1667 ሐተታውን ጻፈ። እግዚአብሔር ለሰው ልቡና እንደሰጠ፣ ሰውም በዚያ ልቡና እውነትን መመርመር እንደሚገባው ያስተምራል። ጋብቻ ከምንኩስና አያንስም፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው፣ ሰውን መሸጥ ክፉ ነው ይላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ስለ ጸሐፊው ማንነት ክርክር አለ። ጽሑፉ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ በኖረው ኢጣልያዊ መነኩሴ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1920 «የጻፈው መነኩሴው ራሱ ነው» አለ፤ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ረጅም ጥናት ጽፈው ተሟገቱ። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። ሁለተኛ፣ ዘርዓ ያዕቆብ የሃይማኖቶችን ሁሉ ሥርዓት ይመረምራል፤ በተአምርና በሙሴ ሕግ ላይ የሚላቸውን ብዙ ነገሮች እኛ አንቀበልም። እንግዲህ ለምን እናነበዋለን? ምክንያቱም ጥያቄው እውነተኛ ነው። «እያንዳንዱ የእኔ ሃይማኖት ልክ ነው ይላል፤ ፈራጁ ማን ነው?» የሚለው የዋሻው ሰው ጥያቄ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ውስጥ ከአልጋ ጓደኛችሁ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከጓደኛችሁ አፍ ከመስማታችሁ በፊት ከመጽሐፍ ብትሰሙት መልሳችሁ ከቁጣ የራቀ ይሆናል። አስተውሉም፤ ይህ ሁሉን የጠየቀ ሰው ከሸሸበት ዋሻ ውስጥ መዝሙረ ዳዊቱን አልጣለም።

የእኛው አባቶች

የወንጌላውያን ልጆች መጻፍን የጀመሩት ትናንት አይደለም። በምጽዋ አቅራቢያ በነበረው በምንኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሁለት ትልልቅ የኢትዮጵያ ጸሐፍት ተምረዋል። አንዱ የይፋጉ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ናቸው። ስለ እምነታቸው ብዙ ተከሰዋል፤ ሆኖም ለአገራቸው «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ»ን ጻፉላት፤ በ1914 ዓ.ም. ታተመ። ስለ ሕዝቦች አመጣጥ የጻፉት ብዙው ዛሬ በታሪክ ምሁራን ዘንድ አይጸናም፤ ራሳችን ወገን ስለሆኑ ስሕተታቸውን አንሸፍን። ሁለተኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በወጣትነታቸው ቢሞቱም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 ታተመ። አንድ አገር ለምን ይደኸያል፣ እውቀትስ ለሀብት ምንድር ነው ብሎ የጠየቀ መጽሐፍ ነው። ኢኮኖሚክስ የምታጠኑ ሁሉ ከእርሱ ጀምሩ።

እንዴት እናንብብ?

የምመክራችሁ ጥቂት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጥሞና ሰዓታችሁ ቦታ አታንብቡት፤ ከጥሞና በኋላ አንብቡት። ሁለተኛ፣ ብቻችሁን አትግዙ፤ አምስት ሆናችሁ አንድ ቅጂ ግዙና ተራ ግቡ። ሦስተኛ፣ ለሦስት ወር አንድ መጽሐፍ ያዙ። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፣ በሁለተኛው የባሕሩ ዘውዴን፣ በሦስተኛው የአለቃ ተክለ ኢየሱስን፣ በአራተኛው «ሐተታ»ን ብታደርጉ ዓመቱ ይበቃችኋል። አራተኛ፣ በየመጽሐፉ ሦስት ነገር በደብተር ጻፉ፦ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ያልተናገረው ማን ነው? አምስተኛ፣ ለጎረቤት አንብቡ። ስለ እምነት ለመነጋገር የማይቀመጥ ሰው ስለ ጉዱ ካሣ ለመነጋገር ይቀመጣል።

እኔም በመጨረሻ አነበብሁት። የአባቴ ዓይን ከደከመ በኋላ አዲስ ቅጂ ገዝቼ ሄድሁና በየማታው ጮክ ብዬ አነብለት ጀመር። በእምነት ነገር ያልተስማማንባቸው ነገሮች አሁንም እንዳልተስማማን ናቸው። መጽሐፉ ያለቀ ማታ ጋቢውን ሰብስቦ ዝም ብሎ ቆየ። ቀጥሎ «እስቲ ደግሞ ዳዊት አንብብልኝ» አለኝ። እኔ በአማርኛ ስጀምር እርሱ በቃሉ በግእዝ ቀደመኝ። መብራቱን ሳናጠፋ ብዙ ቆየን።

ለኅብረት ውይይት

1. ሳታነቡት የፈረዳችሁበት መጽሐፍ አለ? የነገራችሁስ ሰው አንብቦት ነበር?

2. ወላጆች የተሳሉት ስለት ልጁን ያስረዋልን? የሐናንና የዮፍታሔን ታሪክ ከበዛብህ ታሪክ ጋር አነጻጽሩ።

3. ከአያቶቻችሁ አንዱን ስለ 1960ው የገበሬዎች አመፅ ጠይቁና የሰማችሁትን ለኅብረቱ ንገሩ።

4. ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ በኅብረታችሁ መካከል ቢቀመጥ ምን ትጠይቁታላችሁ? እርሱስ ምን ይጠይቃችኋል?